ከሰሌዳው አናት የቀረችው ግማሽ

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የጫማዋ ክር ነው። የግራው ቡናማ፣ የቀኙ ጥቁር። ጫማው ራሱ የተወለወለ፣ ተረከዙ በቅርቡ የታደሰ፣ አቃቂር የማይወጣለት ነው፤ ክሩ ብቻ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ተቀምጦ አይነጋገርም። ያያት ሰው «ምስኪን፣ ስትለብስ መብራት ጠፍቶባት ይሆናል» ብሎ ያልፋል። በማግስቱም ያው ነው። በዓመቱም ያው ነው። ክሮቹ ያረጃሉ፣ ይበጠሳሉ፣ በአዲስ ይተካሉ፤ አዲሶቹም አንዱ ቡናማ አንዱ ጥቁር ሆነው ብቅ ይላሉ።

ዝንጉነት አይደለም። መንታ ስለሆነች ነው። ልጆች ሳሉ እናታቸው ለሁለቱ ሁለት ጥንድ ክር ገዛች፤ አንዱ ጥንድ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ማን የትኛውን ትውሰድ በሚል ቤቱ ቀውጢ ሆነ፤ ጸጉር ለጸጉር ተያያዙ። እናትየዋ ትዕግስቷ ሲያልቅ ክሮቹን ነጣጠለችና ለእያንዳንዳቸው አንድ ቡናማ አንድ ጥቁር ሰጥታ «በሉ፣ አሁን ተጣሉ ልያችሁ!» አለች። የሚጣሉበት ጠፋ። እናታቸው ካለፈች ቆየች፤ ሁለቱም አርባን ተሻግረዋል፤ ክሩ ግን እንደዚያው ቀረ። የአንዷ ግራ ቡናማ ሲሆን የሌላዋ ቀኝ ቡናማ ነው። አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ ብቻ ነው አራቱ እግሮች ትርጉም የሚሰጡት።

ታናሽየዋ፣ ታናሽነቷ እናታቸው ውሃ ተጎንጭታ ኩባያውን እስክታስቀምጥ ያህል ነው፣ ጫማ ሰሪ ናት። ከቤታቸው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሶል ትለጥፋለች፣ ተረከዝ ትቀይራለች፣ ከደንበኛ ጋር ትጨቃጨቃለች። የእሷን ሥራ ሁሉም ሰው ይረዳዋል። የታላቅየዋ ነው አስቸጋሪው። «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሏት «ዩኒቨርሲቲ ነኝ» ትላለች። ጠለቅ ብለው ከጠየቋት «ኮምፒውተር ላይ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ የተሰነጠቀ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ስልክ መጠገን አታውቅም። አሳፍራ መመለስም አታውቅም። ስለዚህ ስልኮቹ ከታች ካሉት ጫማዎች ጋር ወረፋ ይይዛሉ፤ ታናሽየዋ በወስፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ታድናቸዋለች።

የእውነተኛው ሥራዋ ነገር እንዲህ ነው። ከእናንተ በላይ ባለው ክፍል የማታውቁት ሰው አንድ ግዙፍ ቁም ሣጥን አስገብቷል እንበል። ቁም ሣጥኑን አላያችሁትም፤ አታዩትምም፤ በሩ ተቆልፏል። ግን የእናንተ ጣሪያ ጎበጥ ብሏል። ከግድግዳው ጥግ ስንጥቅ ወርዷል። በራችሁ እንደ ድሮው አልዘጋ ብሎ በትከሻ ይገፋል። የፊዚክስ ሰዎች በጣም ከባድ ስለሆኑት ቅንጣቶች የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው። ቅንጣቱ እጅግ ከመክበዱ የተነሳ የትኛውም መሣሪያ ፈልፍሎ አያወጣውም፤ ቀላሎቹ ቅንጣቶች ላይ የሚተወው ጉብጠት ግን ይለካል። እሷ የምትጽፈው ሶፍትዌር «ከላይ እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን አለ እንበል» ሲሉት፣ ቁም ሣጥኑን ከሒሳቡ ያወጣና በታችኛው ክፍል የሚተወውን ጉብጠት ብቻ ልቅም አድርጎ ያስቀምጣል።

ከዚያ በፊት ግን ከባዱ ቅንጣት መወለድ አለበት። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ መስመር ይጻፍለታል፦ መጠሪያው፣ ክብደቱ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ይኑረው አይኑረው፣ ይሽከርከር አይሽከርከር፣ ከከባዶቹ ይመደብ ከቀላሎቹ። መስመሩ ሲዘጋ መስክ የሚሉት ነገር እንደ ባሕር ዓለምን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ ቅንጣቱ የዚያ ባሕር ሞገድ ነውና። እሷ ይህችን መስመር ስትጽፍ ሁልጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች። ስንት ዓመት ሠርታው እንኳን አልለመደችውም። ጣቷ ከመነሳቱ በፊት ያልነበረ ነገር፣ ጣቷ ሲያርፍ አለ! ከዚያ የበለጠ ምን ተአምር አለ? በክፍሉ ያሉ ሰዎች «አዋላጇ» የሚሏት ለዚህ ነው። ስሙን ያወጡላት ጋሽ ጠመኔ ናቸው።

ጋሽ ጠመኔ ጡረታ ከወጡ የቆዩ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። ቁመታቸው የበር መቃን ይለካል። ጡረታ ወጡ ማለት ደመወዙ ነው የወጣው፤ እሳቸው አልወጡም። በየጠዋቱ ይመጣሉ፤ ክንዳቸውን አንስተው ከሰሌዳው የመጨረሻ አናት ይጀምሩና ሒሳቡን እንደ ዝናብ ወደ ታች ያወርዱታል። ቤታቸው አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ትራስ ነው ያለው። አግብተው አያውቁም። አዋላጇ አንድ ቀን ታመው ልትጠይቃቸው ሄዳ የምትቀመጥበት አጥታ፣ ቆማ ተጫውታ ተመልሳለች።

ሁለቱ የሚሠሩበት ወግ አላቸው። አዲስ ከባድ ቅንጣት ሲመጣ አዋላጇ በማሽን ታሰላዋለች፤ ጋሽ ጠመኔ በእጃቸው ያሰሉታል። እስኪጨርሱ አንዱ የሌላውን አያይም፤ እሷ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ትቀመጣለች። ሲጨርሱ ውጤታቸውን ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ይደፉታል። «ግለጡ!» የሚለው ደግሞ በነገሩ የሌለበት ሰው መሆን አለበት። ይህ ሹመት የእማማ ነው። እማማ የክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ አጭር፣ ምላሰኛ፣ የሹመታቸውን ነገር በቀልድ የማያዩ። ሁለቱ ወረቀቶች ከተመሳሰሉ ሻይ ይጠጣል። ካልተመሳሰሉ አንዱ ተሳስቷል።

ባለፈው ጊዜ አልተመሳሰለም። ከጋሽ ጠመኔ እጅ አንዲት የመቀነስ ምልክት ወድቃ ጠፍታ ነበር። ሳቁ። ከዚያ ጠመኔውን ወደ ሣጥኑ መለሱ። «ሰማሽ ልጄ» አሏት፣ «የሚቀጥለውም ከተዛነፈ ጠመኔዬን አስቀምጬ ቤቴ እገባለሁ። ሽማግሌ የማይታመን ሒሳብ ይዞ የሰው መንገድ አይዘጋም።» እሷ ሳቅ አድርጋ ልታሳልፈው ሞከረች። ግን ታውቃቸዋለች፤ እሳቸው ዘንድ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቤቴ እገባለሁ ያሉት ደግሞ ወደዚያች ወንበር ነው።

የሚቀጥለው መጣ። ያመጣችው አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ብልህ፣ ሳቂታ፣ ግን እግሯ ከአፏ የሚቀድም፣ ለዚህም «ችኩሏ» የተባለች። ጃኬቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ የከባዱን ቅንጣቷን ነገር ዘረገፈችው።

«ከባድ ነው፣ ሙል የለውም፣ አይሽከረከርም፣ ከቀላሎቹ ጋር የሚገናኘው በአንዲት መንገድ ብቻ ነው። በቃ! እትዬ፣ ጋሼ፣ አደራ እሺ? ይሄ ካለፈ እኮ የእኔም ጽሑፍ አለቀ፣ ሶፍትዌሩም ለዓለም ይለቀቃል!»

«ቁጭ ብለሽ አትነግሪንም?» አሉ ጋሽ ጠመኔ።

«ክፍል አለኝ ጋሼ!» ድምጿ ከኮሪደሩ መጣ።

ሁለቱም ወደ ሥራቸው ዞሩ። አዋላጇ መስመሯን ጻፈች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ቅንጣቱ ተወለደ። ከጀርባዋ ጠመኔው ሲጭር ይሰማታል። በዚያ ድምፅ ውስጥ መሥራት ደስ ይላት ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሮዋን አቁማ ድካም ትፈልግበታለች። ጠመኔው ቆም ሲል ልቧ ቆም ይላል፤ ሲቀጥል ይቀጥላል። በመጨረሻ ጋሽ ጠመኔ እጃቸውን አራግፈው «ጨርሻለሁ» አሉ። እሷም ጨርሳ ነበር። ወረቀቶቹ ተደፉ። እማማ ተጠሩ፤ እርጥብ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ።

«ተዘጋጅታችኋል? ማታለል የለም? ግለጡ!»

ተገለጠ። የሁለቱም መልክ አንድ ነው፤ ፊደሎቹ፣ ቅደም ተከተሉ፣ ምልክቱ ሁሉ። ከፊቱ ያለው ቁጥር ብቻ፣ የአዋላጇ የጋሽ ጠመኔን ሁለት እጥፍ ሆኗል።

እማማ አንገታቸውን አስግገው «ዛሬስ ማን በላ?» አሉ።

ጋሽ ጠመኔ ወረቀቶቹን አላመሳከሩም። አላሰቡም እንኳ። «እኔ ነኝ የተበላሁት» አሉ በቀስታ። «አንዲት የሁለት ቁጥር መንገድ ላይ ጥዬ መጥቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ቆይ እስቲ አብረን እንየው...»

«ምኑን ነው የምናየው? ማሽን አይደክመው፣ አያዛጋው። እኔ ትናንት መነጽሬን ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ዓይናቸው ድረስ አልዘለቀም። «ቃል ቃል ነው ልጄ። እማማ፣ ያንን ጉድ ያጥፉልኝ፤ ሰው ሳያየው።»

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልዱበት ጠፍቷቸው ጨርቃቸውን አነሱ። «ሁልጊዜ ከሰማይ ነው የሚጀምሩት፤ እኔ በምን ልድረስበት» ብለው ብቻ አጉረመረሙ። ጋሽ ጠመኔ ዕቃቸውን ሊሰበስቡ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ክፍላቸው ሄዱ።

አዋላጇ ጀርባዋን ለእማማ ሰጥታ ከማሽኗ ፊት ቀረች። ሁለት እጥፍ ማለት ለሙያው ሰው ተራ ቁጥር አይደለም። አንዳንዱ ቅንጣት ጥንድ አለው፤ እንደ መስታወት ምስሉ የሆነ ተቃራኒው። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ የራሱ ምስል ነው፤ ብቻውን ነው። ቁም ሣጥኑ አንድ ከሆነ ጉብጠቱ አንድ፣ ሁለት ከሆነ ሁለት። የወለደችውን መስመር ከፈተችና አየች። መጠሪያው አለ። ክብደቱ አለ። የሙል ነገር፣ የእሽክርክሪቱ ነገር፣ ከባድነቱ አለ። ነጠላ ይሁን ጥንድ ግን አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሲያገኝ ፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ «ጥንድ» ብሎ ይሞላል። እንዲህ እንዲያደርግ ያዘዘችው ደግሞ ራሷ ናት፤ ሥራው ሲጀመር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ምንም ሳይመስላት።

ታዲያ ጋሽ ጠመኔ? እሳቸው ከመጀመሪያው «ነጠላ ነው» ብለው ጀምረው ከሆነ እጃቸው አልሳተችም። «ጥንድ ነው» ብለው ጀምረው መሐል መንገድ ላይ ሁለቷን ጥለው ከሆነ ግን፣ እውነትም እጃቸው ደክሟል። ቁራጭ ወረቀቱ መጨረሻውን እንጂ መነሻውን አይናገርም። እሳቸውን መጠየቅ? ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ራሱ ላይ የፈረደ ሰው ምን ትዝ ይለዋል? የሚመሰክረው ሰሌዳው ብቻ ነበር። ዞር ስትል እማማ ጨርቁን በባልዲ እየጨመቁ ነው፤ ሰሌዳው ከመሐሉ እስከ ታች ረጥቦ ያብለጨልጫል። ማየት አልፈለገችም። ተነስታ ወጣች።

ምሳዋን ዘወትር የምትበላው ታናሽየዋ ሱቅ ነው። ታናሽየዋ ጭኗ ላይ አንድ ቦት ጫማ አስተኝታ ማስቲሽ እየቀባች ነበር።

«ምን ሆነሻል? ዝናብ የመታው ድመት መስለሻል።»

ዳቦውን እየቆረሰች፣ ግን ሳትጎርሰው፣ ነገረቻት። ታናሽየዋ ስለ ቅንጣት ምንም አትሰማም፤ ስለ ጋሽ ጠመኔ ግን አንዲት ቃል አታመልጣትም።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? የአንቺን ቁጥር እንደሳቸው አድርጊውና ‹ማሽኑ ነው የተሳሳተው› በያቸው! ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ያውቃሉ።»

«በምን?»

«ፊቴን አይተው። ከዚያ ውርደት ነው የሚሆንባቸው። ለሽማግሌ እንደ ሕፃን ልጅ ሆን ብሎ ተሸንፎ...» ዳቦውን አስቀመጠች። «እንዲያ ከማደርግ ቢሄዱ ይሻለኛል። አይ፣ እሱም አይሻለኝም።»

ታናሽየዋ መዶሻዋን አንስታ ተረከዙን ጠቅ ጠቅ አደረገች። «አንቺ ደግሞ፣ መዋሸት አትችዪ፣ ማዘን ብቻ ነው የምታውቂው» አለች በፍቅር። «በይ እንደቆምሽ ያችን ቀይ ጫማ ከላይ አውርጂልኝ። ባለቤቷ አሁን ትመጣለች።»

አዋላጇ እጇን ሰቅላ ከመደርደሪያው አናት ጫማውን አወረደች። መዳፏ በአቧራ ነጣ።

«ኧረ እዚህ ላይ አቧራው! በየቀኑ ትወለውዪ የለም እንዴ?»

«እወለውላለሁ፣ እጄ እስከሚደርስ። ከዚያ በላይ ያለው የእግዜር ነው።»

አዋላጇ ጫማውን እንደያዘች ድርቅ አለች። የነጣ መዳፏን አየች። «ከሰማይ ነው የሚጀምሩት፤ በምን ልድረስበት» ብለው ነበር እማማ።

«ምነው?» አለች ታናሽየዋ።

ቀዩ ጫማ ዳቦው ላይ ተቀምጧል፤ በሩ ይወዛወዛል። «እብድ! ጫማውን ምግቡ ላይ!» የሚለው ጩኸት እስከ መታጠፊያው ተከተላት። አትሮጥም የነበረች ሴት ሮጠች። የታሰሩት ክሮች ቡናማና ጥቁር፣ ቡናማና ጥቁር እያሉ አስፋልቱን አለፉት፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት አድርገው ወጡት።

ሰሌዳው ንጹሕ ነው። መሐሉ፣ ጎኑ፣ ሥሩ ታጥቦ ደርቋል። ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች። ከአናቱ፣ የእማማ ጣት ከሚደርስበት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ሳትነካ ቁጭ ብላለች። የእርጥቡ ጨርቅ ጠርዝ ከሥሯ ደርሶ ተመልሷል። እና ከመስመሯ መጀመሪያ ላይ፣ የከባዱ ቅንጣት ክብደት ከመጠቀሱ በፊት፣ በዚያ በሚያምር ዘንበል ያለ አጻጻፋቸው አንዲት ግማሽ ተጽፋለች። አንድ፣ ከሥሩ ሰረዝ፣ ከሥሩ ሁለት። ይህችን ግማሽ የሙያው ሰው የሚጽፋት ለነጠላ ቅንጣት ብቻ ነው፤ ራሱ የራሱ ምስል ስለሆነ አንዱን ሁለት ጊዜ እንዳይቆጥሩት። ጥንድ ላለው አትጻፍም።

ከመጀመሪያው ነጠላ ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ያሰሉት ሁሉ ትክክል ነው። እጃቸው አልሳተችም።

ልጅቷን መጠየቅ ብቻ ቀረ። ችኩሏን ካፍቴሪያው በር ላይ አፏ ሞልቶ አገኘቻት።

«ቅንጣትሽ ነጠላ ነው ጥንድ?»

«ነጠላ ነዋ!» አለች ችኩሏ እያላመጠች። «ሥራዬ በሙሉ በዚያ ላይ አይደል የቆመው? አልነገርኳችሁም እንዴ?»

«አልነገርሽንም።»

ማላመጧ ቆመ። «ወይኔ እትዬ... ግልጽ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ለሁላችንም ግልጽ መስሎን ነው» አለች አዋላጇ፤ ግንባሯ ላይ ስማት ሄደች። ችኩሏ ምን አድርጋ እንደተሳመች ሳይገባት እዚያው ቀረች።

ጋሽ ጠመኔ አንዷን የቢሮ ኩባያቸውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ነበር። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«ጋሼ! ጥፋቱ የኔ ነው!» አለች፤ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቷል። «የኔ ነው! እርስዎ ልክ ነዎት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ መስመሩን ባዶ ትቼው፣ ደግሞ ዛሬ ብቻ መሰለዎት? ከተጀመረ ጀምሮ!»

ሽማግሌው ኩባያውን እንደያዙ ትኩር ብለው አዩዋት። «እድሜዬን በሙሉ ሰው ጥፋቱን ሲደብቅ ነው የማየው» አሉ። «እልል እያለ ሲያውጅ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ሐዘኔታ ካለበት ግን ይሸተኛል፤ ጠንቀቅ በይ።»

አልነገረቻቸውም። እጃቸውን ይዛ ወደ ሰሌዳው ወሰደቻቸውና ወደ ላይ አሳየቻቸው። ጋሽ ጠመኔ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አወጡ፣ መለሱ፣ እንደገና አወጡ። ግማሿን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት፤ የጠፋ ልጁን በገበያ መሐል እንዳየ ሰው።

«ጽፌያት ነበር ለካ» አሉ በመጨረሻ።

«ጽፈዋት ነበር።»

«ጠዋት ይህችን ስጽፍ አልጠረጠርኩም፤ ወረቀቱ ሲገለጥ ግን እጄን ከዳኋት።» ቁጭ አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «ቆይ ቆይ። ልጅቷ ነጠላ ነው ብላን ነበር እንዴ?»

«አላለችንም።»

«ታዲያ አንቺ አዋላጅ ሆነሽ፣ ሆድ ውስጥ ያለው አንድ ይሁን ሁለት ሳትጠይቂ ታዋልጃለሽ?»

«እርስዎስ ጋሼ? መች ጠየቁ?»

«እኔማ...» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከባድ ነው አለችኝ፣ ማንም አያየውም አለችኝ፣ ከሌሎች ጋር የሚገናኘው በአንዲት መንገድ ብቻ ነው አለችኝ። ብቻውን የሚኖር ነው የመሰለኝ። እንደኔ።» ሳቃቸው መጣ፤ አሁን ዓይናቸው ድረስ ዘለቀ። «አንቺስ ለምን ጥንድ አልሽው?»

አዋላጇ ሥራው የተጀመረበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ቃሉን ስትጽፍ ጣቷ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። አንድ ነገር አለ ማለት ሌላው የት ነው ማለት ነው፤ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ እንዲህ ነው የምታውቀው። ዓይኗ ወደ መሬት ወረደ። የሽማግሌውም ዓይን ተከትሏት ወረደ።

«ይኸውልሽ» አሉ፣ «ለዓመታት ልጠይቅሽ ስፈልግ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ክር ቸገረሽ እንዴ? አንድ ጊዜ እንዲያውም ጥንድ ገዝቼ ኪሴ ይዤልሽ መጥቼ፣ ታፍሪያለሽ ብዬ መልሼ ወሰድኩት።»

«መንታ ነኝ ጋሼ» አለች። «ሌሎቹ እህቴ እግር ላይ ናቸው።»

መጀመሪያ የጋሽ ጠመኔ ትከሻ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሆዳቸው፣ ከዚያ ወንበሩ። እማማ ምን መዓት ወረደ ብለው ከነመጥረጊያቸው እስኪመጡ ድረስ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እማማ ነገሩ ሲነገራቸው ወደ ሰሌዳው አናት አንጋጠው፣ «እኔ አጭር ሆኜ ነው የተረፋችሁት ማለት ነው? እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም በቁመቴ እንዳይናገረኝ!» አሉ።

ከሰዓቱ ያለቀው አንዲት ቦታ በማስተካከል ነው። አዋላጇ «ጥንድ» ብሎ በራሱ የሚሞላውን ትእዛዝ ነቅላ ጣለችው። «ነጠላ» የሚልም አልተካችበትም። አሁን ከባድ ቅንጣት ሊወለድ ሲል ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ አይንቀሳቀስም። የጥያቄው አባባል ላይ ተጨቃጨቁ። ጋሽ ጠመኔ «ይህ ቅንጣት የራሱ ምስል ነውን?» ይባል አሉ። ችኩሏ ረዘመ አለች፤ እሷ እንኳ አሁን ጃኬቷን አውልቃ ቁጭ ብላለች። በመጨረሻ የእማማ ጸደቀ፤ «ብቻውን ነው ሰው አለው?» የሚል ነበር፤ ወደ ሙያው ቋንቋ ተተርጉሞ ገባ። ወረቀቶቹ እንደገና ተደፉ። «ግለጡ!» ተባለ። አንድ ሆኑ። ሻይ ተፈላ። ሶፍትዌሩ የተማሪዋን ቅንጣት ይዞ፣ ጥያቄውን ይዞ፣ ለዓለም ተለቀቀ። ችኩሏ ቁልፉን ስትጫነው ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ጋሽ ጠመኔ ኩባያቸውን ከጋዜጣው ፈትተው በዚያው ሻይ ጠጡበት። ጠመኔው ወደ ሣጥኑ አልተመለሰም፤ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ፣ ነገ እጅ በሚያገኘው ቦታ ተቀመጠ። ግማሿን ማንም አላጠፋትም። ማን ደርሶባት!

መውጫ ላይ፣ ከሕንፃው ደረጃ ሥር፣ ሽማግሌው ቆም አሉ። «እህትሽ ሱቋ ሩቅ ነው? የኔም ተረከዝ ካለቀ ቆይቷል። ደግሞ የቀሩትን ክሮች ማየት አለብኝ፤ ማስረጃ ሳላይ አላምንም።»

«ነገ በምሳ ሰዓት አብረን እንሄዳለን ጋሼ። መቀመጫ እንደሆነ እዚያ ሞልቷል።»

«ነገ እንግዲህ።»

«ነገ።»

እሳቸው በግራ ታጠፉ። እሷ ቀጥ ብላ ወረደች። ጸሐይዋ ዘቅዝቃ ጥላዋን ከፊቷ አስረዝማዋለች፤ የዳቦ መደብሩን፣ የፋርማሲውን መስታወት፣ የተኛውን ውሻ አለፈች። አልቸኮለችም። አንዴ ብቻ ጎንበስ ብላ የላላውን ክር አጥብቃ አሰረች፤ ሁለት ጊዜ፣ እንዳይፈታ። ከዚያ ቀና ብላ ቀጠለች፤ ሰው በሰው ላይ እየተደረበ ጀርባዋን ወሰደው፣ ከወገቧ በታችም ወሰደው፣ በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ እግር መሐል የሚለዩት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ቡናማ። ጥቁር። ቡናማ። ጥቁር። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ጥቁሩ ቀድሞ ዞረ፤ ቡናማው ተከተለው።